ከግራ ጆሮ በላይ

ላንድሮቨሩ ወቅንን አልፎ ዳገቱን ሲያያዝ ማርሹ አልገባም ብሎ አጓራ። ሾፌሩ ታገኘ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ማርሹን እንደ እምቢተኛ በቅሎ ይታገለዋል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሲስተር ድንቅነሽ ዞር ብላም አላየችው። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ስባ፣ በወለሉ ቀዳዳ የሚገባውን የግንቦት አቧራ እየተጸየፈች፣ ሁለት እጇን በቆዳ ቦርሳዋ ላይ ጭና ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ሲስተር፣ እንዲህ ከቀጠልን ደባርቅ ሳንደርስ ስብሰባው ያልቃል» አለ ታገኘ።

«ይለቅ። ያለ እኔ ከጨረሱት እሰየው ነው።»

መኪናው የወባ ማጥፊያ ነበር። አብዮቱ ሲወርሰው በሩ ላይ በተሣለችው ትንኝ ላይ ቀይ ኮከብ ቀቡባት፤ ቀለሙ ስስ ነውና የትንኟ እግሮች ከኮከቡ ሥር ብቅ ብለው ይታያሉ። ድንቅነሽ መኪናው ውስጥ በገባች ቁጥር ያችን ትንኝ ታያትና ከንፈሯን በአንድ ወገን ታነሣለች። በ1970 ዓመተ ምሕረት በወገራ አውራጃ ከንፈሩን እንደዚያ የሚያነሣ ሰው ብዙ አልቀረም፤ ያነሡት ታስረዋል፣ የባሰባቸውም ተቀብረዋል። እሷን የሚነካ የጠፋው ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ምጥ የጠናባትን ወላድ የሚያድን የሠለጠነ እጅ ሌላ ስላልነበረ ነው። የካድሬ ሚስትም ታምጣለችና።

የተጠራችው ትናንት በፖሊስ ራዲዮ ነው። ደባርቅ ላይ አንድ መሪጌታ ታስሯል፤ የሸማቂዎቹን የኢዲዩን መሣሪያ የት እንደ ደበቀ ሲጠየቅ ዲዳ መስሏል፤ ሲስተር ድንቅነሽ ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ቀርባ ማስመሰሉን በሳይንስ ታጋልጥ ይላል ትእዛዙ። መጀመሪያ የታዘዘው የደባርቁ ድሬሰር ነበር። እሱ ግን ያስመስላል ብሎ ከመኰነንም፣ አያስመስልም ብሎ ከመሞትም መሰወር ይሻላል ብሎ በጃናሞራ በኩል ጠፍቷል። መርፌ ሲቀቅል እንፋሎቱን የሚፈራ ሰው ነበርና ድንቅነሽ ስትሰማ አልገረማትም።

የመሪጌታውን ስም ስትሰማ ግን አወቀችው። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ የአምባራሱ የዜማ መምህር።

ከአብዮቱ በፊት በነበረው ዓመት የፈንጣጣ ክትባት ይዛ በበቅሎ አምባራስ ድረስ ወጥታ ነበር። ጅብራ በሚሉት የደጋ ተክል ላይ ውርጭ የሚያድርበት አገር ነው፤ ጣቶቿ ደንዝዘው ልጓም መያዝ አቅቷቸው ነበር የደረሰችው። ይህ ሰው በመቋሚያው ተደግፎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆመና፣ ባማረ ድምፁ፣ «የልጆቻችሁን ክንድ ለዚች ሴት አትስጡ፤ እግዜር ያልወጋውን ሰው አይወጋም» አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ዋሻ ለዋሻ ደበቁ። እሷ መድኃኒቷን እንደያዘች ተመለሰች። በዓመቱ ከዚያ አገር የመጡ ልጆች ዳባት ገበያ ላይ ስታይ ፊታቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ አንዲቱም በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ወደማታየው ሰማይ ታንጋጥጣለች። ድንቅነሽ መሪጌታውን ከዚያ ወዲህ ትንቀው ነበር። ቂም እንኳ አልነበረም፤ ቂም ይሞቃል። የእሷ ንቀት እንደዚያ እንደ አምባራስ ውርጭ የቀዘቀዘ ነበር።

ደባርቅ ሲደርሱ አብዮት ጠባቂዎች ገበያተኛውን ከገብሱ፣ ከጨውና ከበጉ ተራ እየነዱ ወደ ተወረሰው የእህል መጋዘን ግቢ አስገብተውት ነበር። ዶሮ በብብቷ የታቀፈች አለች፣ በግ እንደ ጎተተ የገባ አለ። ሰዉ የግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሲል በጎቹ ከመሀል ይጮኻሉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ያስቸግራል።

ጓድ ያየህ ከመጋዘኑ ደጅ ጠበቃት። ካኪ ለብሷል፤ ኪሱ ላይ እስክርቢቶ ደርድሯል፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አንጠልጥሏል። ድንቅነሽ ታውቀዋለች። እሷ ጎንደር ነርስነት ስትማር እሱ እዚያው ጤና መኮንንነት ጀምሮ ነበር። የሰውን አካል አሠራር ፈተና ወደቀ፤ ደገመው፤ ደግሞም ወደቀ። ሊባረር ሲል አብዮቱ ፈነዳና መውደቁ ትግል ተባለለት።

«ጓድ ሲስተር፣ ዘገየሽ።»

«መኪናችሁ ነው የዘገየው። በሽተኛው የታል?»

«በሽተኛ አትበይ። አስመሳይ ነው» አለ ያየህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሚኝ። ስምህ ማነው እንለዋለን፤ 'እንግዲህ' ይላል። መሣሪያው የታል? 'እንግዲህ'። ራበህ ወይ? 'እንግዲህ'። ይንቀናል! ማለዳ ግን ዘበኞቹ እየሰሙት ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ያንቆረቁረዋል፤ አንዲት ቃል አትጎድልበትም። ምላሱ ለዜማ ተፈትቶ ለአብዮቱ የሚታሰር ሰው የት አገር አለ?»

ድንቅነሽ ከዳባት ከተነሣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋን ሰጠች።

«ከእንግዲህ ሌላ ቃል የለውም?»

«የለውም።»

«ሲያዜምስ ቃሉ ይሞላል?»

«አልኩሽ እኮ፤ አንዲት አትጎድልም!»

«ራሱን ተመትቶ ነበር?»

ያየህ የሽጉጡን ማንጠልጠያ አስተካከለ። «ሲያዝ ወድቋል» አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከጠረጴዛው በስተኋላ የአውራጃው ጦር አዛዥ ሻምበል ስጦታ አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከኦጋዴን ጦር ሜዳ እግሩን ቆስሎ የመጣ ሰው ነው። ካድሬው ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያንቀላፋ ይምሰል እንጂ እንዳላንቀላፋ ሁሉም ያውቃል።

መሪጌታውን አንድ አብዮት ጠባቂ ደግፎ አወጣው። አብዮት ጠባቂው አለኸኝ ይባላል፤ ረጅም፣ አጥንታም ገበሬ ነው፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሠረ፣ ከቁመቱ የማያንስ ምንሽር ያነገተ። መሪጌታው ያን ጊዜ በደጀ ሰላም የቆመው ሰው አይመስልም። ቀኝ እጁ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተንጠልጥሏል። ቀኝ ከንፈሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ከዚያ በኩል የሚፈሰውን ለሃጭ ሚስቱ እመት ሸጊቱ እየተከታተለች በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። በሌላ እጇ የጸበል ጠርሙስ ይዛለች።

«ግራ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ያየህ መፈክሩን አስጀመረ። ሕዝቡ እጁን አነሣ። መሪጌታውም የቀረችውን እጁን አነሣ። «አያችሁ! ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ሲያሻው ይታዘዛል!» አለ ያየህ።

«የሚነሣለት እሱ ብቻ ነው» አለች ድንቅነሽ ቦርሳዋን እየከፈተች። «ቀኙን ቢያነሣልህ ነበር መገረም።»

ከጀርባ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አሳለው።

ቀርባ መሪጌታውን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኑ አወቃት። ያን ጊዜ በደጀ ሰላሙ ያያት ዓይን ነው፤ ተቆጥቶ ሳይሆን ፈርቶ ያያታል። «የኔታ፣ ድንቅነሽ ነኝ፣ የክትባቷ» አለችው። «እንግዲህ» አላት። ጸጉሩን ከግራ ጆሮው በላይ ገለጥ አድርጋ ጣቷን ሰደደች። ቁስሉ ሽሯል፤ ከሥሩ ግን አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ከክብሪት ሣጥን በጠበበ ልክ። ሰው ሲወድቅ በጉልበቱ ይወድቃል፣ በክርኑ ይወድቃል፣ ያልታደለ በአፍንጫው ይወድቃል። ከጆሮው በላይ ተመርጦ አራት ማዕዘን ብረት ላይ የሚወድቅ አይታ አታውቅም።

ያንን ለጊዜው ዋጥ አደረገችው። ቁልፏን አውጥታ፣ «ይህ ምንድነው?» አለች። ከንፈሩ ታገለ፤ «እንግዲህ» አለ። ዓይንዎን ይጨፍኑ ስትለው ጨፈነ። በሩን ያሳዩኝ ስትለው በግራ እጁ አሳየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረች።

«እማማ፣ ማለዳ የሚያዜሙትን ይጀምሩላቸው።»

«እኔ? ሴት ልጅ ዜማ አትጀምርም፣ ልጄ! ነውር ነው።»

«ቤተ መቅደስ አልገባንም እማማ። የገብስ መጋዘን ውስጥ ነን። ይጀምሩ።»

እመት ሸጊቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና በቀጭን ድምፅ ጀመረች። ሁለት ቃል ሳትል መሪጌታው ተቀበላት። ከዚያ ከተጣመመ አፍ የወጣው ድምፅ አልተጣመመም፤ ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይዞራል፤ ግዕዙ ፊደል በፊደል ይሰማል፤ ግራ እጁ ጉልበቱን ይመታል። አንድ ሽማግሌ ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ። በጎቹም ሳይቀሩ ዝም አሉ።

«ይኸው!» ብሎ ያየህ አጨበጨበ። «በገዛ ጆሯችሁ ሰማችሁ! አስመሳዩ ተጋለጠ! ጨርሰናል፣ ጓድ ሲስተር።»

«አልጀመርንም» አለች ድንቅነሽ። መዳፏን በመሪጌታው ደረት ላይ አድርጋ አቆመችው። «የኔታ፣ አሁን ያዜሟትን አንዲት ቃል ያለ ዜማ ይንገሩኝ። ቅዱስ ይበሉ። ቅዱስ ብቻ።»

መሪጌታው አፉን ከፈተ። አገጩ ተንቀጠቀጠ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። «እ… እንግ…» አለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና ሞከረ፣ «እንግዲህ» አለ። በግራ እጁ የገዛ አፉን መታው። ዕድሜውን ሙሉ የተማሪን የግማሽ ድምፅ ስሕተት ሳያልፍ የኖረ ሰው፣ ሕፃን የሚለውን ቃል ማለት አቅቶት በገበያተኛ ፊት አለቀሰ።

ሕዝቡ ተንጫጫ። ሚካኤል አፉን ዘግቶት ነው የሚል አለ። ቡዳ በልቶት ነው የሚል አለ። ሱባዔ ይዞ ነው እንጂ ምንም አልሆነም የሚልም አለ። የማያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም። ድንቅነሽ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው፤ ከንፈሯ በአንድ ወገን ተነሣ።

«ስሙ!» አለች። «የሰው ናላ እንደ ቅል አንድ ድፍን አይደለም። ሁለት ወገን ነው። ግራው ቀኙን እጅ ያዛል፣ ቀኙ ግራውን። ከማጅራት በላይ ያለው ለማየት ነው። ሥሩ ላይ ያለው ለመተንፈስ ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው ለማመዛዘን ነው፤ ለተሰጠው ሰው ማለቴ ነው። ሐሳብን ቃል አድርጎ የሚያወጣው ቦታ ደግሞ እዚህ ነው፣ ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ዓይን ጠጋ ብሎ። እሱ ሲጎዳ ሰው ያውቃል፣ ይሰማል፣ መናገር ግን አይሆንለትም። ዜማ በዚህ በር ብቻ አይወጣም፤ በቀኝ ወገንም መንገድ አለው። ዓምና የሊማሊሞ መንገድ ሲዘጋ ደባርቅ ላይ ገብስ ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። የሚያወርደው መንገድ ነው የጠፋው። የሳቸውም እንደዚያው ነው።»

«እኔም ኮሌጅ ተምሬዋለሁ!» አለ ያየህ። ፊቱ ቀልቷል። «ምላስን የሚያዘው ነርቭ አንድ ነው! ነርቩ ከሠራ ምላሱ ይሠራል፣ ምላሱ ከሠራ ይናገራል! ሳይንስ ይኸው ነው!»

«ለቀባሪው አረዱት!» አለች ድንቅነሽ። «አንተ የተማርከው ጊዜ ትንሹን አንጎል ከትልቁ ሳትለይ ነው የወጣኸው። የጠፋው ምላስ አይደለም፤ ቃል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በፈረንሳይ አገር 'ታን' ከማለት በቀር ቃል የሌለው ሰው ነበር። ሲሞት ሐኪሙ ናላውን ከፍቶ አየው፤ የተጎዳው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። የሚያስተምረን ሰው ሲነግረን አንተ ከመስኮቱ አጠገብ ተኝተህ ነበር።»

ሻምበል ስጦታ ዓይኑን ገለጠ።

«ሲስተር፣ መሣሪያ ካለ፣ የት እንዳለ አሁንም ያውቃል ማለት ነው?»

«ሊያውቁ ይችላሉ፣ ሻምበል። ማወቃቸው አልተነካም ይሆናል። መንገሪያው ነው የተሰበረው።»

«ይጻፈዋ።»

«የሚጻፈውም ያው ቃል ነው። እሱ ከጠፋ በግራ እጅም ቢሆን አይጻፍም።»

«ራሱን ይነቅንቅ። አዎ፣ አይደለም ይበል።»

ድንቅነሽ ወደ መሪጌታው ዞረች። «የኔታ፣ ስምዎ ወልደ ሩፋኤል ነው?» ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ስምዎ ድንቅነሽ ነው?» አሁንም ነቀነቀ። «ስምዎ ጓድ ያየህ ነው?» ከልቡ ነቀነቀ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ዶሮ የታቀፈችው ሴት ዶሮዋ አመለጠቻት። እውነት ሳይለይ ቀርቶ ይሁን አውቆ ይሁን፣ ድንቅነሽ ራሷ እርግጠኛ አልነበረችም። የመሪጌታው ዓይን ውስጥ ግን አንዳች ነገር ብልጭ ያለ መሰላት።

«በዚህ ነቅናቂ ምስክርነት ተራራ ለተራራ ጦር ትሰዳላችሁ?» አለች። ከዚያ ስትጠብቀው የቆየችውን አወጣች። «አንድ ነገር ልጨምር፣ ሻምበል። እሳቸው አልወደቁም። የአጥንቱ ስብራት አራት ማዕዘን ነው፤ የሽጉጥ ሰደፍ ነው። ማን እንደመታቸው አላውቅም። ማንም ይሁን ማን ግን አብዮቱ የሚፈልገው ምስጢር የነበረበትን ሣጥን ቁልፉን ሰብሮታል። ኢዲዩ ሰው ቀጥሮ ቢያሠራ ከዚህ የተሻለ አገልጋይ አያገኝም ነበር።»

ነፋሱ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ተሰማ። በግቢው ውስጥ ሽጉጥ የታጠቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሻምበሉ ነው፣ ሻምበሉም ወደዚህ የመጣው ሰውየው ከታሰረ በኋላ ነው። ያየህ ዙሪያውን አየ። ማንም አላየውም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል፤ ይህ ነው ያስደነገጠው።

«አለኸኝ ነው!» አለ ድንገት። «ይሄ ገበሬ ነው የመታው! እኔ ተው ብዬዋለሁ!»

ሻምበሉ የአለኸኝን ረጅም ምንሽር አየ፤ የያየህን ሽጉጥ አየ፤ ከዚያ የመጋዘኑን ጣሪያ አየ። ገብቶታል። ግን ያየህ የፖለቲካ ጉዳይ ሰው ነው፤ በፖለቲካ ጉዳይ ሰው ላይ ከሚጽፍ ቆስሎ የተረፈ እግሩን ቢያስታምም ይሻለዋል። ድንቅነሽ ይህን ሁሉ ፊቱ ላይ አነበበች፤ ናቀችውም። የማይገባው ሰው ደደብ ነው፤ እየገባው የሚተወውን ምን እንደሚሉት ግን ቃል አልነበራትም።

«ሰውየውን ይዘሽ ሂጂ፣ አክሚ» አለ ሻምበሉ። «አንተ፣ አለኸኝ፣ አብረህ ሂድ። ከአፉ ከእንግዲህ ሌላ ቃል የወጣ ቀን፣ አንድም ቃል ይሁን፣ በዚያው ቀን ይዘኸው ትመጣለህ። ካመጣኸው ዱላው ይቅር ይባልልሃል። ካላመጣኸው በእሱ ፋንታ አንተ ለጥይት ትቆማለህ።»

ወደ ዳባት ሲመለሱ ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ነበረች። መሪጌታው ኋላ ተጋድሟል፤ እመት ሸጊቱ ራሱን በጭኗ ላይ ይዛለች፤ አለኸኝ ምንሽሩን በጉልበቱ መሀል አቁሞ ከፊታቸው ተቀምጧል።

«ተመስገን» አለች እመት ሸጊቱ። «ሚካኤል ነው ያወጣን።»

ድንቅነሽ ሳትዞር፣ «ሚካኤል ሲመቷቸው የት ነበር?» አለች።

«ያኔም አብሮን ነበር፣ ልጄ። ባይኖርማ ይገድለው ነበር።»

ድንቅነሽ ምስጋና አልጠበቀችም፤ ቢሰጧትም የምታስቀምጥበት አልነበራትም። ይህን ሽማግሌ የተከራከረችለት ወድዳው አልነበረም። አንድ የወደቀ ተማሪ ሽጉጥ ስላንጠለጠለ ብቻ ነርቩ ከሠራ ምላሱ ይናገራል ሲላት ዝም ማለት አልሆነላትም። መሣሪያ ይኑር አይኑርም አልጠየቀች፤ ጉዳይዋም አልነበረም።

ወደ ወቅን መውረጃ ላይ ታገኘ ድንጋይ ሲሸሽ ጎማው ጉድጓድ ገባ። መኪናው ዘለለ። የመሪጌታው ራስ ከሚስቱ ጭን ተፈናጥሮ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

«የአህያ ልጅ! ዓይንህ ጠፍቷል እንዴ!»

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ታገኘ ማን እንደ ሰደበው ለማየት ዞረ። እመት ሸጊቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ከተጋቡ ጀምሮ ከባሏ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። መሪጌታው ራሱ ደንግጦ ከንፈሩን ይዳስሳል። ድንቅነሽ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል የመኪናው ጣሪያ በሰደፍ ሲመታ ሰማች።

«አቁም!» አለ አለኸኝ።

ታገኘ አቆመ። አለኸኝ ወርዶ በመስኮቷ በኩል መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሲስተር፣ ተናገረ።»

«አልተናገሩም» አለች ድንቅነሽ። ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ስማኝ፣ አለኸኝ። ስድብ ንግግር አይደለም። ሰው እሾህ ሲወጋው ሳያስብ የሚለው ነገር አለ፤ እሱ ከሌላ ቦታ ነው የሚወጣው፣ ከሥር፣ ቁጣና ድንጋጤ ካለበት። እንደ ዜማው ነው። አሁን ድገሙት ብትላቸው አይችሉም። ደባርቅ ብትወስዳቸው ያው እንግዲህ ነው የሚሉህ፤ ያየህ ግን ተናገሩ መባሉን ብቻ ነው የሚሰማው። ጠይቃቸው እስቲ፤ ሞክር፣ ጠይቃቸው…»

የገዛ ድምፅዋ ሲለማመጥ ሰማችው። ለጎንደር ዶክተሮች ያልተለማመጠ ድምፅ ነበር።

«ይተዉት፣ ሲስተር» አለ አለኸኝ። «እኔ ናላ አላውቅም። ያሉት ሁሉ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ከበሩ ቆሜ ያየህ በሽጉጡ ሰደፍ ሲላቸው ያየሁትን ነው። ዛሬ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት በኔ አላከከው። ሚስቴ እዚያው ገበያተኛው መሀል ነበረች።»

«ታዲያ ብትወስዳቸው ይቅር ይሉሃል። ሻምበሉ ተናግሯል።»

«ሻምበሉ ቢናገርም ያየህ ዝም ብሎ የሚያድር ይመስልዎታል? እሳቸውን ይዤለት ብገባ ማታውኑ ይገድላቸዋል። በማግሥቱ ደግሞ እኔን። ያየሁ እኔ ነኛ!» ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጃናሞራ የሚያወጣውን ገደል ገደሉን አየ። «ካልወሰድኳቸው ግን የሚፈልገው እኔን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አገሩን አውቀዋለሁ።»

ከክንዱ ቀዩን ጨርቅ ፈታና መኪናው ወለል ላይ ወረወረው። ከዚያ በኋለኛው በር አጎንብሶ ገባ።

«የኔታ፣ ሲመታዎት እያየሁ ዝም ብያለሁ። ይማሩኝ።»

መሪጌታው ግራ እጁን አንሥቶ በአለኸኝ ራስ ላይ ጫነ። «እንግዲህ» አለው ቀስ ብሎ። እመት ሸጊቱ የጸበሉን ጠርሙስ ከነቡሹ አውጥታ ለአለኸኝ ሰጠችው፤ ለመንገድ የሚሆን ሌላ ነገር አልነበራትም። እሱም ተቀብሎ በጉያው ከተተው፤ ምንሽሩን አነገተና የገብስ ማሳውን አቋርጦ፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ በገደሉ አፋፍ ወረደ።

ታገኘ ሞተሩን አስነሣ። «ሲስተር፣ ምን ልንል ነው?» አለ።

ድንቅነሽ ቀኑን ሙሉ ያወቀችውን ሁሉ ለሰው ስታስረዳ ነበር የዋለችው። ግራውን ከቀኙ፣ ቃሉን ከዜማው ለይታ፣ ታን ያለውን ሰውየ ሳይቀር ከፈረንሳይ ድረስ ጠርታ። ያን ሁሉ ሰምቶ ሽማግሌውን ያስጣለ አንድም ሰው አልነበረም። ያስጣለው አንድ ገበሬ በሚስቱ ፊት መዋረዱ ነው። የሰውን ናላ እንዲህ አድርጎ የሠራውን ማንንም ይሁን ማን በዚያች ሰዓት ከልቧ ናቀችው። ግን የአለኸኝ ጀርባ ከገብሱ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ስታየው ቆየች፤ ከንፈሯም እንደ ወትሮው አልተነሣም።

ዳባት መግቢያ ኬላው ላይ ገመድ ተገትሯል። የኬላው ጠባቂ አንድ ዓለምዬ የሚሉት ወሬኛ ነው፤ መኪናውን ዞሮ አየ፣ በኋለኛው መስኮት አንገቱን አስገባ፣ ወለሉ ላይ የተጣለውን ቀይ ጨርቅ አየ።

«ሲስተር፣ ከደባርቅ በራዲዮ የነገሩን እስረኛ ከአብዮት ጠባቂ ጋር ይመጣል ብለው ነው። ጠባቂው የታል?»

ታገኘ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል። እመት ሸጊቱ የመሪጌታውን አፍ በመዳፏ ሸፍናለች። ድንቅነሽ ሰኞ ሻምበሉ ይህንኑ እንደሚጠይቃት፣ ከሻምበሉም በኋላ ያየህ እንደሚጠይቃት ታውቃለች። ሻሿን ከአፍንጫዋ ዝቅ አደረገች፤ ዓለምዬንም ከጫማው እስከ ቆቡ፣ ሳትቸኩል፣ አየችው።

«እኔ ነርስ ነኝ» አለችው። «የጠባቂ ጠባቂ አይደለሁም። በሽተኛ ይዣለሁ፤ ገመድህን አውርድ።»

ገመዱ ወረደ።